ባለ አንበሳ እግር ወንበሮች

አደጋ እንደመጣብን የገባኝ፣ አንድ ደንበኛ በሱቃችን ፍርግርግ ጣቱን አሾልኮ ወንበራችንን ሲመርጥ ነው።

ጠዋት ነው፤ ዳቦ ከመጣ ብዙም አልቆየ። ቶኮዛ ያለችው ስፓዛችን፣ የሰፈር ሱቃችን፣ የአንዲት አሮጊት ጋራዥ ናት። እዚህ አሮጊት ሁሉ ጎጎ ነው የምትባለው፣ እኛም የቤቱን ባለቤት ጎጎ ነው የምንላት። ከፊት ለፊት በፍርግርጉ መስኮት እንሸጣለን፣ በስተኋላ በመጋረጃ በከፈልናት ክፍል ባሌና እኔ ከሴት ልጃችን ጋር እንኖራለን። ያን ቀን ቤት ልጠርግ ብዬ መጋረጃውን ገልጬው ነበር። ሰውየው በየቀኑ ሲጋራ በፍሬ የሚገዛኝ ጎልማሳ ነው። ከጓደኛው ጋር መጣ፣ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየና፣

"ያ ባለ ወርቁ የኔ ነው። አንተ ፍሪጁን ውሰድ" አለው።

"ፍሪጁንማ እህቴ ይዛዋለች።"

"እንግዲያው አልጋውን።"

"እነሱ በተኙበት አልጋ ማን ይተኛል!"

ተሳሳቁ። ዙሉ አጥርቼ አልናገርም፣ ነገር ግን ይህን ሁሉ ዓመት በመስኮት ስር ቆሜ ያልሰማሁት የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ማይፍሬንድ፣ አንድ ሲጋራ" አለኝ። እዚህ ሎኬሽን፣ በጥቁሮቹ ሰፈር ውስጥ፣ የሐበሻ ባለሱቅ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ስሙ ማይፍሬንድ ነው። ሰጠሁት። በትሕትና ተቀብሎ አመስግኖኝ ሄደ፤ የራሱን ዕቃ እኔ ዘንድ አደራ አስቀምጦ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ያኔ ነው የፈራሁት። ስድብ ለምጃለሁ። "ሃምባ፣ ወደ አገራችሁ ሂዱ" መባልም ለምጃለሁ፤ የሚጮህ ሰው ጮሆ ይሄዳል። ዕቃሽን ፊትሽ ቆሞ በሰላም የሚከፋፈል ሰው ግን ቀኑን ቆርጦታል ማለት ነው።

ደግሞ ምን ዓይነት ዓይን ቢኖረው ነው ያንን ወንበር የመረጠው? ሱቅ ሙሉ ዘይት አለ፣ ሩዝ አለ፣ ሚዛን አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ወንበር የወደደ አንድ ሰው ብቻ ነበር የማውቀው፣ እሱም ባሌ ነው።

ስለ ወንበሮቹ ካልተናገርኩ የደረሰብን ነገር አይገባም። ሁለት ናቸው። ባሌ ባኪ አለው፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች የጭነት መኪና። ለሱቃችንም ለሰውም ዕቃ ያመላልስባታል። አንድ ጊዜ ሀብታሞች ሰፈር የአንዲት ሟች ሴትዮ ቤት ሊለቀቅ፣ ዕቃውን አጓጉዝ ተብሎ ተጠራ። የሴትዮዋ ልጆች የሚፈልጉትን ፈላልገው ሲወስዱ እነዚህን ሁለት ወንበሮች የሚያነሳ ጠፋ። "አንተ ውሰዳቸው፣ ቤቱ ይጥራልን" አሉት። እናታቸው ዕድሜ ልኳን ስታብሰው የኖረችውን ወንበር የሚያስቀምጡበት አጡ፤ ቤታቸው እኮ የኛን ጋራዥ አሥር ይውጣል! የገዛ ልጆቿ ያልፈለጉትን ዕቃ የኔ ባል ከነአቧራው ጭኖ፣ ጥሩምባ እየነፋ መጣ።

"ውጪ! ውጪ! ዙፋን አመጣሁልሽ!"

ወጣሁ። አየሁት። "መልሰው" አልኩት።

እንዲህ ያለ ወንበር አይቼ አላውቅም። እንጨቱ እንደ ከሰል ጥቁር ተቀብቷል፣ በጥቁሩ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ሐረግ ይዞርበታል። ሐረግ ስል የዳዊት መጽሐፍ ላይ ያለውን የሚመስል እንዳይመስላችሁ። የዚያ ዙሩ ያምራል፣ መስቀል ያወጣል። የዚህኛው ቀጥ ይልና ይታጠፋል፣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይወጣል፤ አድራሻ ጠፍቶት አንዱን ብሎክ ሲዞር የሚውል ሰው ሥራ ነው። የኋላ እግሮቹ እንደ ጎራዴ ቆልመም ብለዋል። የፊት እግሮቹ ደግሞ የአንበሳ እግር ናቸው፣ ከነጥፍራቸው፣ ጥፍራቸውም ወርቅ ተቀብቷል። መደገፊያው ላይ ክራር ተቀርጿል፣ ክር የለውም። መቀመጫው አረንጓዴ ባለ መስመር ሐር ነው፣ ከዳሩ ተልጧል። ክንድ የሚያርፍበት ጫፍ ላይ፣ ከግራም ከቀኝም፣ የሴት ፊትና ጡት ያላት፣ ክንፍ ያላት፣ ከወገቧ በታች አውሬ የሆነች ነገር ቁጢጥ ብላለች። ሁለቱ ላይ አራት መሆናቸው ነው። አራት አውሬ ሴቶች ከኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ!

ልጄ ግን ተቀምጣ ፎቶ ተነሳችበት። ወዲያው ስልኳን ከፍታ ስታነብ ቆየችና፣

"ማሚ፣ ሪጀንሲ ስታይል ነው የሚባለው" አለችኝ። "እንግሊዝ አገር ንጉሡ አብዶ ልጁ በሱ ፈንታ ይገዛ በነበረበት ጊዜ የወጣ ፋሽን ነው። ይቺ ስፊንክስ ናት፣ ከግብጽ ነው የወሰዷት። ክራሯን ከግሪክ፣ እግሩን ከሮም..."

"ከራሳቸውስ ምን አወጡ?"

"ኧረ ማሚ!"

"ጠየቅኩ እንጂ። ያበደ ሰው ቤት መሠራቱንስ ወንበሩ ራሱ ይናገራል።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ አንቲክ እኮ ነው!" አለኝ ባሌ። አንቲክ የምትለዋን ቃል ዕቃ ሲጭን ከነጮቹ ሰምቷታል፣ ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ እሱ ከኔ ብዙም አልራቀ። ሁለታችንም ስለዚያ ወንበር የምናውቀው እኩል ነው፤ ልዩነቱ እኔ አለማወቄን ማወቄ ነው።

ምቾት አለው እንዳትሉኝ። መደገፊያው ወደ ኋላ ስላዘነበለ ጋደም ያደርግሽና መቀመጫው ደግሞ ወደ ፊት ያንሸራትትሻል። ክንድሽን ስታሳርፊ የአውሬዋ ክንፍ ክርንሽን ይወጋል። ስታልፊ የአንበሳው ጥፍር ቀሚስሽን ይይዛል። ሰው ተጨንቆ፣ ዓመት ሙሉ ቀርጾ፣ ሰው የማይቀመጥበት ነገር ይሠራል? አባቴ ከጭቃ የሠራው መደብ ላይ ሦስት እንግዳ ጎን ለጎን ይተኛ ነበር።

ባሌ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበሩ ላይ ካልተቀመጣችሁ እያለ ያስቸግራል። እንግዳውም ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ "ሲያምር!" ይላል። ውሸታም ሁሉ! ሲወጡ ወገባቸውን ሲያሹ እያየሁ እስቃለሁ።

ታዲያ ያ ወንበር ወደ ኋላ በር እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ፤ መከራችን ከዚያ ነው የመጣው።

ባሌ ወንበሮቹን ያስቀመጣቸው በምሥራቅ በኩል፣ ከእመቤታችን ሥዕል ስር ነበር፤ የክብር ቦታ መሆኑ ነው። የንስሐ አባታችን ከከተማ ቤቱን ጸበል ሊረጩልን መጡ። "አባ፣ እዚህ፣ እዚህ ይቀመጡ" ብሎ ባሌ በሁለት እጁ ወንበሩን አሳያቸው። አባ ሊቀመጡ ጎንበስ አሉ፣ ዓይናቸው ከአውሬዋ ዓይን ጋር ተጋጨ፣ ተመልሰው ቀና አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወንበር ነው አባ።"

"ወንበርነቱንስ አየሁ። ይቺ ማናት?"

ባሌ ግራ ቀኝ አየና፣ "መልአክ ናት አባ" አለ። "ክንፍ አላት።"

"ጡትም አላት።"

ልጄ አፏን ይዛ ወደ ሱቁ ሮጠች።

"እግሯስ የማን ነው?" አሉ አባ።

"የ... የአንበሳ ነው አባ።"

"ጥሩ። እንግዲህ የትኛዋ መልአክ እንደሆነች ስሟን ንገረኝና ልሳለማት።"

ባሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አባ የለስላሳ ሳጥን ጠይቀው እሱ ላይ ተቀመጡ። ጸሎታቸውን አድርሰው ሲወጡ ግን አልጨከኑበትም፤ "ልጄ፣ እንጨት ነው፣ ጣለው አልልህም። ከሥዕሏ ስር ግን አንሣልኝ፣ ፊት ለፊትም እንዳይሆን" አሉት።

ፊት ለፊት አይሁን፣ ስር አይሁን፤ ታዲያ የት ይሁን? ክፍሏ አንድ ናት። በአንድ በኩል አልጋ፣ በአንድ በኩል ፍሪጅ፣ በአንድ በኩል የልጄ ፍራሽና የዱቄት ጆንያ። ባዶ የነበረችው የኋላ በሩ ስር ያለችው ቦታ ብቻ ናት፤ በሩ ወደ ጎጎ ግቢ ነው የሚወጣው፣ ብዙም አንጠቀምበትም። አንዱን ወንበር ፊቱን ወደ በሩ አዞረው፣ ሌላውን ገልብጦ በላዩ ደፋው፣ የአንበሳው እግር ወደ ሰማይ ቆመ። አንሶላ አለበሰው። አልፎ ተርፎ የሩዝ ጆንያ አስደገፈበት።

"በሩን እኮ ዘጋህብን" አልኩት።

"የፊት በር አለልሽ።"

"አንድ ነገር ቢመጣስ?"

"አታሟርቺ!"

አላሟረትኩም። ከአውሬዎቹ ዓይን ማምለጣችን ትልቅ ነገር መስሎኝ እኔም ተስማማሁ። ስንት የተዘረፈ ሱቅ በጆሯችን ሰምተን፣ ስንት ሰው በኋላ በር አምልጦ ሲያወራ ሰምተን፣ እኛ የማምለጫ በራችንን ባበደ ንጉሥ ወንበር ደፈንነው። አውሬ ሴት እመቤታችንን እንዳታይ ብለን!

እንግዲህ ያን ጠዋት ወደ ውስጥ ገብቼ ሳይ፣ አንሶላው ተንሸራቶ ባለ ወርቁ ጥፍር ብልጭ ብሏል። ሰውየው ያየው ይህንኑ ነው። ባሌ ከተማ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል። ደወልኩለት።

"ቶሎ ና። ሊመጡብን ነው።"

"ማን አለሽ?"

"ማንም አላለኝም፤ ዕቃችንን ሲከፋፈሉ ሰማሁ። ወንበርህን ወስደውታል በለው።"

"የትኛውን?" አለኝ።

የትኛውን አለኝ እኮ! እስክሞት አልረሳትም።

"ልጅህ እዚህ ናት!" ብዬ ጮህኩበት። ያኔ ነቃ። "የፊቱን ቆልፊው። በኋላው በር እመጣለሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። በዚያ በር ላይ ስለተደፋው ወንበር እሱም አላሰበ፣ እኔም አላሰብኩ።

ጎጎ በመስኮቱ በኩል መጣች። የገዛችው ነገር የለም። "ልጄ፣ ሜዳው ላይ ስብሰባ ይዘዋል" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሲጨርሱ ወደዚህ መንገድ ነው የሚመጡት። በኔ ግቢ ውጡ፣ የጎኑን በር ከፍቼዋለሁ።" ደግሞ ወደ ውስጥ አየች። "ያን ነገር በሩ ላይ ምን ታደርጉበታላችሁ?"

አባ ብለውን ነው ልበላት?

መስኮቱን ዘግቼ ከልጄ ጋር ጆንያውን መጎተት ጀመርን። ስንጎትት የዘፈኑ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፤ ፉጨትም አለው። ጆንያው አለቀ፣ ወንበሩ ግን ወይ ፍንክች። የላይኛው ክንድ ከታችኛው ክንድ ጋር ተቆላልፏል፣ የታችኛዋ አውሬ ክንፍ ደግሞ በበሩ እጀታ ውስጥ ገብቶ ተሰንቅሯል። መጀመሪያ ሲገባ አራት ወንድ እየተጯጯኸ ነው ያስገባው። ልጄ አላቧታል፤ "ማሚ፣ በፊት በር እንሩጥ" አለችኝ። በመስኮቱ ስንጥቅ አየሁ። መንገዱ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። የማውቃቸው ፊቶች ናቸው። ትናንት ስኳር የሰፈርኩላቸው።

የልጄን ፊት አየሁት። እኔ ኖሬያለሁ። እሷ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

የባኪዋ ድምፅ ከግቢው መጣ። ባሌ ከውጭ ሆኖ በሩን ገፋ፣ እጅ የሚያሾልክ ያህል ተከፈተና ቆመ። በክፍተቱ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታየኛል።

"ክፈቱ!"

"ወንበርህ ነው የያዘን!"

"እሺ፣ እሺ፣ ቀስ በሉ። ወደ ግራ አዙሪያት። ክንፏ ላላ ብሏል፣ እንዳትሰብሪው።"

"ምን አልክ?"

"ቀስ ብለሽ ካዞርሻት..."

የፊት በሩ ላይ የመጀመሪያው ድንጋይ አረፈ። ቆርቆሮው ሲጮህ ልጄም አብራ ጮኸች። መዶሻ አነሳሁ። ሳጥን የምንከፍትበት መዶሻ ነው። አውሬዋን አናቷ ላይ አልኳት።

"ኧረ በእመቤቴ!" አለ ባሌ ከውጭ።

"እመቤቴማ ከኋላዬ ናት! እኔ የምመታው ይቺን ነው!"

ደገምኩት። ጭንቅላቷ ተፈንጥሮ ከፍሪጁ ስር ገባ። ከወርቁ ስር ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ኖራ ነው። እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ነጭ ዱቄት። ያ ሁሉ መመጻደቅ ኖራ ላይ የተቀባ ቀለም! ክንፏን መታሁ፣ ከእጀታው ተላቀቀ። የአንበሳውን ጉልበት መታሁ፣ የላይኛው ወንበር ተንገዳግዶ ወደ ጎን ወደቀ። በሩ ተከፈተ ማለት አይቻልም፤ ገርበብ አለ እንጂ። ልጄን በጎኗ ገፍቼ አሳለፍኳት። የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳው አነሳሁና ለእሷ አቀበልኳት። እኔ ወፍራም ነኝ፣ ስሾልክ ደረቴ ተላጠ። ከወገቤ በላይ ከወጣሁ በኋላ የሆነ ነገር ቀሚሴን ያዘኝ። ሰው ገብቶ የያዘኝ መስሎኝ ነፍሴ ወጣች። ዞሬ ሳይ የአንበሳው ጥፍር ነው! በሕይወቴ እንደዚያ እንጨት የሰደብኩት ሰው የለም። ቀሚሴን ተርትሬ ግማሹን ለሱ ተውኩለት።

ጎጎ መጥረጊያዋን ይዛ የግቢዋ በር ላይ ቆማለች። "ይሄ የኔ ግቢ ነው! የማን ልጅ ነው ግቢዬን የሚረግጠው?" እያለች በየአባታቸው ስም ትጠራቸዋለች። እግሯን ልስም ብፈልግ "ሂጂ! ሂጂ!" ብላ ገፋችኝ።

ባኪዋ ውስጥ ገብተን በጎኑ በር ወጣን። ዋናው መንገድ በታክሲ ተዘግቶ ስለነበር ዞረን፣ ዞረን፣ የፈራሁት አልቀረም፣ እዚያው የሱቃችን መንገድ ጫፍ ላይ ወጣን። የልጄን አንገት ይዤ ወደ ታች ደፋኋት። እኔ ግን አየሁ።

ሱቃችን ተከፍቷል። ሰው እንደ ጉንዳን ይወጣል፣ ይገባል። ያ ሲጋራ የሚገዛኝ ሰውዬ ያልተሰበረውን ወንበር አናቱ ላይ ተሸክሞ ወጣ፤ የአንበሳው እግሮች እንደ ቀንድ ቆመውለታል። መንገዱ መሀል አስቀመጠውና ጓደኞቹ እያዩት ተቀመጠበት። እግሩን አነባብሮ። ክንዱን ሲያሳርፍ ክንፉ ክርኑን ወጋው፣ ብድግ አለ፣ አሸው። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ወደ ፊት ተንሸራተተ። ይመችህ አልኩ በሆዴ። እንዴት እንደሚቀመጡበት እኔም፣ ባሌም፣ የሟቿ ልጆችም አላወቅንም፣ አንተ ከየት ታውቀዋለህ። የሰው ቤት አፍርሰህ የወሰድከው ዙፋን ይኸውልህ፣ ተንሸራተትበት።

ዓይን ለዓይን ተያየን። እጁን አነሳና፣ "ማይፍሬንድ!" አለኝ። እንደ ወትሮው። እስክጠግብ ብተፋበት ደስ ባለኝ፣ ምራቄ ግን ደርቋል።

ባሌ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰዎቹን የሚያይ መሰለኝ። ወንበሩን ነው የሚያየው።

"ንዳ!" ብዬ በጡጫ ትከሻውን አልኩት። "ንዳ፣ አንተ ደንቆሮ! ልጅህን ይዘህ ንዳ!"

ነዳ። አውራ ጎዳናው ላይ ወጣን። ከዚያ ልጄ ሥዕሏን እንዳቀፈች፣ "ማሚ፣ መዶሻውን አልጣልሽውም እኮ" አለችኝ። እጄን አየሁ። እውነቷን ነው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እሷ ናት ያላቀቀችልኝ።

ከተማ፣ ሜይፌር ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ደረስን። ግቢው በሐበሻ የተሞላ ነው፤ ከሌላ ሎኬሽን የመጡም አሉ። የብረቱ በር ከኋላችን ተቆለፈ። የአክስቴ ልጅ ቀሚሴን አይታ ነጠላዋን አለበሰችኝ፣ ምንም አልጠየቀችኝም፣ የፕላስቲክ ወንበር ሳበችልኝ። ነጭ ፕላስቲክ፣ እንደማንኛውም ለቅሶ ቤት ያለው። እግሩ እግር ነው። ክንዱ ላይ የተቀመጠ የለም። ተቀመጥኩበት፣ ያዘኝ።

ባሌ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከጫማው ላይ የኖራውን ዱቄት ያራግፋል። ቀና ብሎ፣ "አንደኛዋን ብቻ ብንጭን ኖሮ..." አለ።

ልጄ ራሷን ጭኔ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። እጄን ጀርባዋ ላይ አድርጌ ትንፋሿን አዳመጥኩ፤ ይገባል፣ ይወጣል። የአክስቴ ልጅ ጎንበስ ብላ፣ "አንቺ፣ ደህና ነሽ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ" አልኳት። "ደርሰናል። ልጄም ደህና ናት። ተርፈናል።"